ቁጥር ያልተሰጠው ወረቀት፦ ለአዲስ አበባ ዙሪያ የከተማ አስተዳደሮች ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ላሉ ከተሞች ከንቲባዎች፣ የምክር ቤት አፈ ጉባኤዎች፣ የክፍለ ከተማና የወረዳ ሥራ አስኪያጆች

ጉዳዩ፦ የመዝገብ ቤትን፣ የቀጠሮንና የፊርማን አሠራር ስለማስተካከል

ክቡራንና ክቡራት፣

በመዝገብ ቤት፣ በግዥና ንብረት፣ በመሬት ይዞታና በወሳኝ ኩነት ምዝገባ የሠራንና አሁንም የምንሠራ ሰዎች ነን። ስለ ማስተር ፕላን ወይም ስለ ኮሪደር ልማት ልንጽፍላችሁ አልተነሳንም፤ ለዚያ ተናጋሪ ሞልቷል። የምናነሳው መሸኛ ለማጻፍ፣ የቤት ስም ለማዛወር፣ ልደት ለማስመዝገብ ወይም የሰፈሩ ቦይ እንዲጠረግ ለማመልከት የመጣ ሰው ከጥበቃው በር እስከ ማህተሙ ድረስ የሚያልፍበትን መንገድ ነው። ሐሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፦ አብዛኛው ጉዳይ የሚበላሸው ባለሙያው ዘንድ ሳይደርስ፣ ገና መዝገብ ሳይገባ ነው።

በየሩብ ዓመቱ የሚወጣው ሪፖርት «ለዚህን ያህል ባለጉዳይ አገልግሎት ለመስጠት ታቅዶ ለዚህን ያህሉ ተሰጥቷል» ይላል። ሪፖርቱን ስናጠናቅር የኖርን ሰዎች እንደምናውቀው ቁጥሩ የሚለቀመው ከተመዘገበው ላይ ነው። ከጥበቃው ወይም ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ የተመለሰ ሰው በዕቅዱም በክንውኑም ውስጥ የለም። የአሠራር ማሻሻያ እየተባለ ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ፤ ቅጹ ተለዋወጠ እንጂ የሚቆጠረው ያው ነው።

አንድ ማመልከቻ ሲገባ በደንቡ የሚሆነው የታወቀ ነው። መዝገብ ቤት ይቀበላል፤ በገቢ ደብዳቤ መዝገብ ላይ ተራ ቁጥሩን፣ የገባበትን ቀን፣ የአመልካቹን ስም፣ ጉዳዩን፣ የአባሪውን ገጽ ብዛትና የሚሄድበትን ክፍል ይጽፋል። ያንኑ ቁጥርና ቀን በዋናውም በባለጉዳዩ ቅጂም ላይ ያሰፍራል። ኃላፊው ጠርዙ ላይ ይመሩበታል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለሳል፤ ነባር ማህደር ካለው ከዚያ ጋር ተያይዞ ወደ ባለሙያው ይሄዳል።

በተግባር ግን የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ «መጀመሪያ ኃላፊው ይምሩበት» ትላለች። ባለጉዳዩ ወረቀቱን ይዞ ጸሐፊዋ ዘንድ ይሄዳል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ወረቀቱ ከክምሩ ላይ ያርፋል፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ክምር ይጫነዋል። ይህ ወረቀት ቁጥርም ቀንም የለውም፤ ቢጠፋ «አልገባም» ማለት ይቻላል፣ ይባላልም። ሠራተኛዋን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን እንዲህ የምታደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። መዝግባ የላከችው ወረቀት ኃላፊው ቢሮ ውስጥ ቢቀር የምትጠየቀው እሷ ናት። ስለዚህ መዝገቡን የምትከፍተው ወረቀቱ ተመርቶ ከወጣ፣ አደጋው ካለፈ በኋላ ነው።

መድኃኒቱ ሁለት መስመር የውስጥ ማስታወሻ ነው። ቁጥርና ቀን የሌለው ማመልከቻ ላይ ኃላፊው አይመሩም፤ ባለጉዳዩም ቁጥሩ በቅጂው ላይ ሳይጻፍለት ከመስኮቱ አይነሳም። ኃላፊው ቁጥር የሌለውን ወረቀት ሁለት ጊዜ ከመለሱ በሦስተኛው ማንም አያመጣባቸውም። ሥልጠና፣ ኮሚቴ፣ አዲስ መዋቅር አያስፈልገውም።

ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ የወሳኝ ኩነትን ሕግ ያስብ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። አንድ አባት በ85ኛው ቀን መጥቶ «ፎርም አልቋል»፣ በማግስቱ «መዝጋቢዋ ሥልጠና ላይ ናት» ተብሎ ቢመለስና 90ው ቢያልፍበት፣ ከዚያ ወዲያ ዘግይቶ እንደመጣ ሰው ይታያል። የዘገየው ቢሮው ቢሆንም ያንን የሚያሳይ አንዲት ወረቀት በእጁ የለችም። የንግድ ፈቃድም እንደዚሁ ነው፤ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 በመሆኑ በታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት «ነገ ተመለስ» የተባለ ነጋዴ የሚከፍለው በገንዘብ ነው። የገባበት ቀን በወረቀቱ ላይ ካለ ግን የዘገየው ማን እንደሆነ ለመለየት አያከራክርም።

ወደ ማህደሩ እንምጣ። ባለጉዳይ የራሱን ማህደር በብብቱ ይዞ ከፎቅ ፎቅ ሲመላለስ ማየት የተለመደ ነው። ይህ ትሕትና ወይም ትብብር ተደርጎ ይወሰዳል፤ «አንተው አድርስልን» ይባላል። ማህደር በእጁ የያዘ ሰው ገጽ መጨመርም መቀነስም ይችላል። ባይነካው እንኳ ኋላ አንድ ወረቀት ሲታጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። የቢሮው ተላላኪ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለምሳሌ ረፋድ 4 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ፣ ክፍሎቹን ቢዞር ባለጉዳዩ ማህደር የሚነካበት ምክንያት አይኖርም። ተላላኪው የሚይዘው ተራ ደብተር ነው፤ የማህደሩ ቁጥር፣ የተረከበው ሰው ስም፣ ቀንና ሰዓት፣ ፊርማ። ያለ ፊርማ የተቀመጠ ማህደር እንዳልደረሰ ይቆጠራል።

መደርደሪያው ላይ ደግሞ ማህደሩ በነበረበት ክፍተት ቁመቱን ያህል የሆነ ጠንካራ ካርቶን ይግባ፤ ላዩ ላይ የማህደሩ ቁጥር፣ የወሰደው ባለሙያና የወጣበት ቀን ይጻፍበት። ይህ ካርቶን ከሌለ ክፍተቱ በሁለት ቀን ውስጥ ይደፈናል፤ አጠገቡ ያሉት ማህደሮች ተጠጋግተው እዚያ ቦታ አንድ ነገር እንደነበረ ራሱ ይረሳል። «ፋይሉ አልተገኘም» የሚባለው አብዛኛው ማህደር አንድ ባለሙያ መሳቢያ ውስጥ ያለ ነው፤ ባለሙያው ተዛውሮ ከሆነ ደግሞ የተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ። ሰኞ ሰኞ መደርደሪያውን ዞሮ ከ15 ቀን በላይ የቆዩ ካርቶኖችን መልቀምና ባለሙያውን መጠየቅ የአንድ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በማህደሩ ውስጥ ገጾቹ ከታች ወደ ላይ በተራ ይቆጠሩ፤ አዲስ የገባው ከላይ ይሁን። ከ37ኛው ገጽ ቀጥሎ 39ኛው ከመጣ 38ኛው የት እንደሄደ የሚጠየቅ ሰው አለ። ገጾቹ ካልተቆጠሩ ግን ምንም እንዳልጠፋ ይቆጠራል። የይዞታ ክርክር ፍርድ ቤት ደርሶ ማህደሩ ሲቀርብ ዳኛው መጀመሪያ የሚያዩት ይህንኑ ነው።

በእኛ ዳርቻ አካባቢ ያለው የመሬት ማህደር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ ቁራሽ መሬት በመጀመሪያ በአርሶ አደሩ ስም፣ ቀጥሎ በቤት ሠሪ ማኅበር ስም፣ ኋላ በሊዝ በገዛው ወይም ከማኅበሩ በተረከበው ሰው ስም ሦስት ማህደር ይከፈትበታል። ሦስቱ በስም ስለተደረደሩ አይገናኙም። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ የከተሞቹ ስም፣ ማህተምና የቤት ቁጥር አሰጣጥ አብሮ ተነክቷል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ አሮጌውን ቁጥር ከአዲሱ የሚያገናኝ ዝርዝር ካልተዘጋጀ ነባሩን የሚያውቁት ሁለት ሦስት አንጋፋ ሠራተኞች ብቻ ይሆናሉ። እነሱ ጡረታ ሲወጡ ዝርዝሩም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ የመሬት ማህደር ዋና ቁጥሩ የቦታው መለያ ቁጥር ይሁን፤ ስም ማፈላለጊያ ብቻ ይሁን።

ስሙም ቢሆን በቀላሉ አይገኝም። ኃይሌ፣ ሃይሌና ሐይሌ፣ ፀሐይና ጸሃይ፣ ሠናይትና ሰናይት፣ ዓለሙና አለሙ በየጸሐፊው እጅ ይለያያሉ፤ በፊደል ተራ የተደረደረ ካርድ ውስጥ ደግሞ በተለያየ ቦታ ይገባሉ። ባለሙያው አንዱን ቦታ አይቶ «የለም» ይላል። ኮምፒዩተሩም እንደዚሁ ነው፤ የተተየበውን ፊደል እንጂ ድምፁን አይፈልግም። ለማፈላለጊያ ብቻ ሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ ተመርጠው ሁሉም ወደነሱ ቢመለሱ፣ የአያት ስም ደግሞ ግዴታ ቢደረግ ችግሩ በግማሽ ይቀላል። በዋናው ሰነድ ላይ ሰውየው ስሙን እንደሚጽፈው ይጻፍ። በአፋን ኦሮሞ በሚሠሩ ቢሮዎች ስሙ በቁቤ ሲጻፍ ከመታወቂያው ጋር ያለው የአጻጻፍ ልዩነትም እዚያው ካርዱ ላይ ቢያያዝ፣ ባለጉዳዩ «ሁለቱም እኔ ነኝ» የሚል ማስረጃ ለማምጣት አይላክም።

ባለጉዳይን በተደጋጋሚ የሚያመላልሰው ነገር የጎደለው ወረቀት በአንድ ጊዜ ስለማይነገረው ነው። ለስም ዝውውር የመጣ ሰው መጀመሪያ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ ይባላል። ያንን ሲያመጣ ከዕዳና ዕገዳ ነፃ ይባላል። ያም ሲመጣ የዘመኑ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ደረሰኝ። በዚህ መሐል የመጀመሪያው ማስረጃ «ቆይቷል፣ ይታደስ» ይባላል። ባለሙያው ክፉ ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ ማህደሩን ከላይ ጀምሮ ያነባል፣ የመጀመሪያው ጉድለት ላይ ሲደርስ ይቆማል። ስለዚህ ደንቡ «እስከ መጨረሻው አንብብ፣ የጎደለውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጻፍ፣ ፈርምበት» ይሁን። ከዚያ በኋላ በዚያ ወረቀት ላይ ያልነበረ አዲስ ጉድለት የሚያወጣ ባለሙያ ለምን መጀመሪያ እንዳላየው ለቡድን መሪው ያስረዳ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የዜጎች ቻርተር ይህን አይተካም። ቻርተሩ በጥቅሉ ይናገራል፤ ባለጉዳዩ የሚፈልገው የራሱን ነው።

«አይቻልም» የሚለው መልስም በጽሑፍ ይሁን፤ የተከለከለበት የመመሪያው አንቀጽ ይጠቀስ። በቃል የተከለከለ ሰው ቅሬታ ሰሚ ዘንድ ሲሄድ «የምን ውሳኔ?» ይባላል። እንባ ጠባቂ ዘንድ ቢሄድም የሚያሳየው ነገር የለውም። ለባለሙያውም ቢሆን የጽሑፍ ክልከላ መከላከያው ነው፤ «ገንዘብ ፈልጎ ነው ያጉላላኝ» ለሚለው ክስ መልሱ እዚያው ተጽፎ ይገኛልና።

ፊርማና ማህተምን በተመለከተ አንድ ስሌት እናቅርብ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት ከ7፡30 እስከ 11፡30 ይሠራል፤ ዓርብ ጠዋት 5፡30 ላይ ተወጥቶ ከሰዓት 7፡30 እስከ 11፡30 ይሠራል። በሳምንት 39 ሰዓት መሆኑ ነው። የሰኞ ጠዋት ማኔጅመንት ስብሰባ ብቻውን 4ቱን ይወስዳል፤ ያውም ባለጉዳይ ከሁሉ በሚበዛበት ጠዋት። ስብሰባውን ወደ ዓርብ ከሰዓት ማዞር ምንም አያስከፍልም። ከዚያ ባለፈ መሸኛን፣ የነዋሪነት ማረጋገጫንና የመሳሰሉትን ደብዳቤዎች ለመፈረም ኃላፊው አያስፈልጉም። ውክልናው ግን በጽሑፍ፣ ጉዳዮቹ በስም ተዘርዝረው፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ተገልጾ ይሰጥ። «እኔ በሌለሁበት እሱ ይተካኛል» የሚል የቃል ውክልና ተወካዩን ያስፈራዋል፤ ኦዲት ሲመጣ ለፊርማው የሚቆመው እሱ ነው። ማህተሙም አንድ ሰው እጅ ብቻ አይሁን። ማህተም ያዧ ለቅሶ ሄዳ፣ የመሳቢያው ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ ሆኖ፣ የተፈረመ ደብዳቤ ሁለት ቀን ሲያድር አሳፋሪ ነው። ሁለት ተረካቢ፣ አንድ የመረካከቢያ ደብተር፤ ይኸው ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ዙሪያው ከተማ ወይም ከዙሪያው ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ መሸኛ ላይ የሚፈጠረው እንግልት ምንጩ ይኸው ፊርማ ነው። ተቀባዩ ወረዳ ፊርማውን አያውቀውም፤ «ትክክለኛነቱ ይረጋገጥልን» ብሎ ይጽፋል፤ ደብዳቤው በባለጉዳዩ እጅ ይሄዳል፤ መልሱም በእሱው እጅ ይመለሳል። በእሱ እጅ የመጣውን አላመንም ብለን መልሰን በእሱ እጅ መላካችን ራሱ ያስቃል። የሹመት ሽግሽግ በተደረገ ቁጥር የአዲሱ ፈራሚ የፊርማ፣ የቲተር (የስምና የሥራ መደብ ማህተም) እና የመሥሪያ ቤቱ ማህተም ናሙና በሳምንት ውስጥ ለአጎራባች ወረዳዎች ሁሉ ቢላክ፣ የማረጋገጫ ስልክ ደግሞ ከቢሮ ወደ ቢሮ ተደውሎ የመላሹ ስምና ሰዓት ደብዳቤው ጀርባ ላይ ቢጻፍ በዚያው ቀን ያልቃል።

የቦይና የመንገድ ሥራን ያነሳነው የዕለት ሥራ ስለሆነና ስህተቱ ከቀን መቁጠሪያው ስለሚጀምር ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ገንዘቡ የሚለቀቀው ከእንጦጦ፣ ከወጨጫና ከፉሪ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ በሚበረታበት ወር ነው። መስከረምና ጥቅምት በዕቅድ ማስተካከል ያልፋሉ፤ የግዥ ፍላጎት ታኅሣሥ ላይ ይጠየቃል፤ ስፔሲፊኬሽኑ (የሥራው ዝርዝር መግለጫ) ጎድሎ ይመለሳል፤ ጨረታው የካቲት ይወጣል፤ በቂ ተወዳዳሪ ካልቀረበ በድጋሚ ይወጣል፤ ውሉ ግንቦት ላይ ይፈረማል። ከዚያ በጀቱ እንዳይመለስ ሁሉም በሰኔ ይሯሯጣል። ኮንክሪት ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ ሰኔ 20 የተሞላ ቦይ ሳምንት ሳይሞላው በጎርፍ ይፈተናል። ቦዩ ግንቦት 30 ዝግጁ እንዲሆን ከተፈለገ ፍላጎቱ ከነስፔሲፊኬሽኑ መስከረም ላይ ግዥ ክፍል መግባት አለበት። ስፔሲፊኬሽኑን ለማዘጋጀት ደግሞ ገንዘብ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በክረምቱ ውኃው የት የት እንደሞላ እየታየ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቢጻፍ እንዲያውም ይሻላል።

ጠረጋው ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ ከቦዩ የወጣው ደለል ጠርዙ ላይ ተከምሮ የሚያድር ከሆነ ባይጠረግ ይሻላል። የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል፤ የቀን ሠራተኛው ክፍያ ግን አንዴ ወጥቷል። መኪናው ያልተያዘበት ቀን ጠረጋ አይጀመር።

የንብረት ክፍሉንም በአንድ አንቀጽ እንለፈው። የመንገድ መብራት አምፖል የሚንቀሳቀሰው በንብረት ቅጾች ነው፤ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲጠየቅ በሞዴል 20፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ነው። «አስቸኳይ ነው፣ ወረቀቱ በኋላ» ተብሎ የወጣ አምፖል ሰኔ መጨረሻ ላይ በግምት ይሞላል፤ የክምችት መመዝገቢያ ካርዱ አለ የሚለው ዕቃ መደርደሪያው ላይ አይኖርም። በቀጣዩ ዓመት ግዥ ሲጠየቅ «ካርዱ ላይ ክምችት አለ» ተብሎ ይከለከላል፤ ሰፈሩም በጨለማ ይከርማል።

ስለ ዲጂታል አገልግሎት ደስ ይለናል። የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በ2017 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥርም እየተለመደ ሲሄድ፣ የሚቀሉ ብዙ ነገሮች አሉ። ነገር ግን ገጹ ያልተቆጠረ፣ ከሦስት ቦታ ያልተሰበሰበ ማህደር ስካን ቢደረግ የሚገኘው በኮምፒዩተር ውስጥ የተዝረከረከ ማህደር ነው። «ሲስተም የለም» ለሚባልበት ቀን ደግሞ ቀድሞ ቁጥር የታተመበት የወረቀት መቀበያ ጥራዝ በየመስኮቱ ይኑር፤ ኔትወርኩ ሲመለስ በዚያው ቀን ይገልበጥ። መብራት በሄደ ቁጥር መዝገብም አብሮ የሚሄድ ከሆነ የ90 ቀኑ ጉዳይ እንደገና ይመጣል።

ስለዚህ የምንጠይቀው አንድ ወረዳ ተመርጦ፣ የሐምሌና የነሐሴ የግብር ወረፋ፣ የመስከረም የትምህርት ቤት ማስረጃ ጥድፊያ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እንዲሞከር ነው። በየወሩ መጨረሻ በበሩ ላይ አራት ቁጥር ይለጠፍ፦ የገባው ጉዳይ፣ ያለቀው፣ በጽሑፍ የተከለከለው፣ ካልተዘጉት መካከል ደግሞ ከሁሉ የቆየው ስንት ቀኑ እንደሆነ። ከአራቱ ዋናው የመጨረሻው ነው። አማካይ ቀን ብትጠይቁ በአንድ ሰዓት ያለቀው መሸኛ ስምንት ወር የተኛውን ስም ዝውውር ይሸፍንላችኋል። አፈ ጉባኤዎች በየምክር ቤቱ ጉባኤ የሥራ አስኪያጁን ሪፖርት ከመስማታችሁ በፊት ያንን የቆየውን ጉዳይ ማህደር አስቀርቡ፤ ገጽ በገጽ፣ የት የት ስንት ቀን እንዳደረ ከተላላኪው ደብተር ጋር እያመሳከራችሁ እዩት። የሚለጠፈውን ወረቀት የሚያዘጋጀው ግን የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ አይሁን፤ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ከመዝገቡ ላይ ቆጥራ፣ በእጇ ጽፋ፣ ፈርማበት ትለጥፈው።

ከሠላምታ ጋር

በአዲስ አበባ ዙሪያ በከተማ አስተዳደር ሥራ ላይ ያሉና በጡረታ የተገለሉ የመዝገብ ቤት፣ የመሬት ይዞታ፣ የግዥና ንብረት፣ የወሳኝ ኩነት ሠራተኞች

ግልባጭ፦
ለየወረዳው ምክር ቤቶች
ለየክፍለ ከተማው ቅሬታ ሰሚ
ለየቢሮው መዝገብ ቤት (ቁጥር ተሰጥቶት እንዲቀመጥ)